ቮራክስ የዘረፋት ቆርቆሮ

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ባፕቲስተን የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት እጁን ወደ ላይ እንደሰቀለ ጣቢያችን ገባ። መኪናውን መንገድ ላይ ትቶ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በእግሩ የወረደው እንደዚያው ሆኖ ነው። ዘራፊው እጅህን አንሳ ብሎ በምልክት አዞታል፤ አውርድ ያለው ግን የለም።

«አውርደው እንጂ ሰውዬ፤ ፖሊሶች ነን» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ አንዱን እጁን ብቻ ቀስ አድርጎ እያወረደ።

«ማን ነው የዘረፈህ?»

«ቮራክስ!»

ረዳቴ ሲልቬር የሚጽፍበትን እስክሪብቶ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያ በ1964 መከር ኒስ ከተማ ውስጥ ፖሊስ ሆኖ መኖር እንዴት ያለ ጣጣ እንደነበር የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ቮራክስ በፊልም ላይ ያለ ወንበዴ ነው፤ ፊቱ አመድ የመሰለ፣ ቅንድብ የሌለው፣ ማንም የማይዘው። የሚያሳድደው ኢንስፔክተር ደግሞ ሱሪው የሚወልቅበት፣ ከሰገነት ገንዳ ውስጥ የሚወድቅ ጅል ነው። የመጀመሪያው ፊልም አገሩን በሳቅ ስለገደለው ሁለተኛውን እኛው ኮረብታ ላይ ባለው ስቱዲዮ እየቀረጹ ነበር። እኔ ኢንስፔክተር ኦኖሬ ሬቦ፣ ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩ ሰው፣ ሥጋ ልገዛ ስገባ ባለሥጋው «ቮራክስን ያዝከው ወይ?» ይለኛል። አሁን ደግሞ ጭራሽ ከፊልሙ ወጥቶ መጣልኝ።

«ቁመቱ ስንት ይሆናል?» አልኩት ባፕቲስተንን።

«ሁለት ሜትር።»

«ሁለት ሜትር?»

«ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ጭምብሉ፣ ግራጫ ካፖርቱ፣ ጓንቱ፣ ሽጉጡ፣ ሁሉም የቮራክስ ነው። ብቻ የፊቱ ቆዳ አገጩ ላይ ይንጠለጠላል፤ የታላቅ ወንድሙን ልብስ የለበሰ ልጅ ይመስላል።»

ባፕቲስተን በየማታው የዕለቱን ፊልም፣ ገና ያልታጠበውን፣ በክብ ቆርቆሮ ታሽጎ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል። ከዚያ ፓሪስ ሄዶ ይታጠባል። የዚያን ዕለት ሰባት ቆርቆሮ ጭኖ ከስቱዲዮው በር ብዙም ሳይርቅ፣ ባሕር ዛፎቹ ጋ መታጠፊያው ላይ፣ ቮራክስ መሐል መንገድ ቆሞ ጠበቀው።

«ምን አለህ?»

«ትንፍሽ አላለም። በሽጉጡ ‹ውረድ› አለኝ፤ ወረድኩ። ከወንበሩ ላይ ቆርቆሮዎቹን እያገላበጠ ጽሑፋቸውን አነበበና አንዷን ወሰደ። ስድስቱን ተወ።»

«ከዚያ ሮጠ?»

«ምን ይሮጣል! የሚገርመኝ እሱ አይደል? ቱና የታጨቀበት ዳቦዬን ግማሹን በልቼ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ነበር። ቆርቆሮውን ሲፈልግ ወደ ጎን ገፋው። ሲጨርስ መልሶ አስቀመጠልኝ፤ የተገመጠውን በኩል ወደ መስኮቱ፣ ልክ እንደነበረው። ጠርሙሴንም ጽሑፉን ወደ እኔ አዞረው። ደንግጬ ስወርድ የቀኝ እጅጌዬ ተፈትቶ ነበር፤ ጠጋ አለና ሁለት ጊዜ ጠቀለለልኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየኝ፤ አየኝና ሄደ።»

ሲልቬር ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እኔም ብሆን በሠላሳ ዓመት ውስጥ የዘረፈውን ሰው እጅጌ የሚያስተካክል ሌባ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማታ ራት ላይ ለባለቤቴ ለሌኦንቲን ነገርኳት። «ያን ሌባ ስትይዘው አድራሻችንን ስጠው» አለችኝ፤ «የምትጥለውን ካልሲ ይሰበስብልኛል።»

የጠፋችው ቆርቆሮ ላይ የተጻፈው «ትዕይንት ሰማንያ አራት፣ ሁለተኛ ካሜራ» ይላል። ትዕይንት ሰማንያ አራት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በዚያው ትዕይንት ላይ በደረሰ አደጋ የተጠረጠረው ሰው ከእኔ ክፍል በታች፣ ማቆያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስሙ ሴራፊን ቦቴሮ ይባላል። የፊልሙ ገመድ አሳሪ ነው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ፣ ዝምተኛ። ማክሰኞ ቀትር ላይ ቮራክስ ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት በብረት ገመድ ተንሸራቶ የሚያመልጥበትን ትዕይንት ሲቀርጹ ገመዱ ከታች ለቀቀ። ጭምብሉን አጥልቆ የዘለለው ጋስፓር ኢስናር ድንጋይ ንጣፍ ላይ ወደቀ። ጋስፓር በታዋቂ ተዋንያን ፈንታ የሚዘል፣ የሚጋጭና የሚወድቅ ሰው ነው፤ አሁን ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቷል።

የፊልም ሰዎቹ ደንብ ቀላል ነው። ቦቴሮ ገመዱን ከታች አስሮ ሲጨርስ ነጭ መሐረብ ያነሳል። መሐረቡ ሲታይ በድምፅ ማጉያ «ሂድ!» ይባላል። ከዚያ ጋስፓር ይዘላል። የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ ሞሲዬ ክሌርጌ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ «ቦቴሮ ሳያስር መሐረቡን አነሳ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ቦቴሮን ጠየቅነው።

«መሐረቡን አንስተሃል?»

«አላስታውስም ጌታዬ። ጋስፓር ሲመጣ ብቻ ነው ያየሁት።»

«ገመዱን የማሰር ኃላፊነት የማን ነው?»

«የኔ።»

«እንግዲያስ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል?»

ይኼን ነው እንግዲህ ‹አመነ› ብዬ የጻፍኩት። ሕጉ ሁለት ቀን ይሰጠኛል፤ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ዳኛ ፊት ላቀርበው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው እስር ቤት ነው። ባፕቲስተን ሲመጣ መጀመሪያ የታሰበኝ ቦቴሮ ማስረጃ ለማጥፋት ሰው ልኮ ይሆን የሚል ነበር። ግን ማን አለውና ይልካል? ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም። እሱ ራሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከብረት በር ጀርባ ነበር። እንዲህ ያለ የማያወላዳ ምስክር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ምስክሩም እኔ ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት ስቱዲዮ ወጣን። ሥራ አልቆመም። ሰው ወድቆ በነጋታው እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ጭምብል አጥልቆ ወዲያ ወዲህ ይላል።

መጀመሪያ የገባሁት ጭምብል ሠሪው ዘንድ ነው። ቴዎፊል ጋሊ ይባላል፤ ጣቶቹ በጎማ የተለበዱ፣ ዓይኑ ከልቅሶ የቀላ ሽማግሌ።

«ጭምብል እንደ ዳቦ ነው» አለኝ። «ጠዋት ይጋገራል፤ አንዴ ከወለቀ ጠርዙ ይቀደዳል፤ አይደገምም። ትናንት ሁለት ጋገርኩ። አንዱን አስታማሚዎቹ ከጋስፓር ፊት ላይ በመቀስ ቀደው አነሱት። ሁለተኛው ለከሰዓት ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። ዛሬ ጠዋት ሳየው የለም።»

«ጭምብሉ የሚሆነው ለማን ነው?»

«ለጋስፓር ነዋ! በእሱ ፊት ነው የተቀረጸው። ዓለም የሚያጨበጭብለት ተዋናይ ጎማው ያሳክከዋል፤ አምስት ደቂቃ አይታገስም። ቮራክስ ማለት ጋስፓር ነው።» አፍንጫውን ጠረገ። «ለሌላ ሰው ሰፊ ይሆናል።»

«ትናንት አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ማድሟዜል ኤድሜም ግድግዳው ማዶ ቢሮዋ ውስጥ ስትጽፍ ነበረች። የጽሕፈት መኪናዋ እስኪመሽ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ።»

አመስግኜ ወጣሁ። በሩ ላይ ስደርስ ነው ልብ ያልኩት፤ እስከዚያ ሰዓት ኤድሜ የምትባል ሰው በዓለም ላይ መኖሯንም አላውቅም ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ለሰው ምስክር የሚቆም ሽማግሌ አንድ ነገር አለው።

ይሁንና ዓይኔ ያረፈው ክሌርጌ ላይ ነበር። ሞሲዬ ክሌርጌ የተወለወለ ጫማ፣ የተወለወለ ጥፍር፣ የተወለወለ ምላስ ያለው ሰው ነው። ስለ ጋስፓር ስጠይቀው ፊቱን አጨፈገገ፤ ስለ ቆርቆሮዋ ስጠይቀው ፈካ።

«አንድ ጥቅል ፊልም ነው ኢንስፔክተር፤ አይጨነቁ። ጋዜጦቹን አይተዋል? ‹ቮራክስ በአካል መጣ› ብለዋል! በገንዘብ የማይገኝ ማስታወቂያ!»

«በድምፅ ማጉያው ‹ሂድ› ያለው ማን ነበር?»

«እኔ። አዘጋጁ ጉሮሮውን አሞት ነበር። መሐረቡን አይቼ ነው ያዘዝኩት፤ ስልሳ ሰው ትዕዛዙን ሰምቷል።»

«ስልሳው ሰው መሐረቡንም አይቷል?»

«እሱን እንግዲህ እነሱን ይጠይቋቸው።»

ጠየቅናቸው። ከመብራት ሠራተኛ እስከ ልብስ ሰፊ፣ ሁሉም «ሂድ» ሲባል ሰምቷል፤ ሁሉም ቀና ብሎ ጋስፓርን ነው ያየው። ወደ ቦቴሮ የዞረ ዓይን የለም። ሰው ከአራተኛ ፎቅ ሲዘል ገመድ አሳሪውን ማን ያያል?

እንግዲያው የቆርቆሮዋ መጥፋት የሚጠቅመው ክሌርጌን ብቻ ነው ብዬ ወሰንኩ። እጄን እያሻሸሁ ማክሰኞ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የት እንደነበር ጠየቅኩት። የጠዋቱን ጋዜጣ ዘርግቶ አሳየኝ። ሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆሞ ለጋዜጠኞች ሲያዝን ይታያል፤ ከራሱ በላይ ያለው የግድግዳ ሰዓት አስራ አንድ ተኩል ከሁለት ደቂቃ ያሳያል።

«ጌታዬ» አለኝ ሲልቬር ስንወጣ፣ «ደስ ያለው እሱ፣ የሰረቀው ግን እሱ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው» አልኩት። እያሰብኩ አልነበረም፤ ተናድጄ ነበር።

በዚህ መሐል ቀረጻው ቦታ ላይ ጸጥታ ታዘዘ። ያ ጅል ኢንስፔክተር ምሳ ሲበላ ከሾርባው ውስጥ የቮራክስ ደብዳቤ የሚወጣበት ትዕይንት ነው። ተዋናዩ ሁለት ማንኪያ ጠጣ፤ ብርጭቆ አነሳ፤ ጮኸ። «ቁረጥ! እንደገና!» አሉ።

ያን ጊዜ ከካሜራው አጠገብ አንዲት አጭር ሴት ተነሳች። አርባ ሰባት፣ አርባ ስምንት ዓመት ይሆናታል፤ መነጽሯና አንድ ትንሽ ሰዓት አንገቷ ላይ ተንጠልጥለዋል። ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የተገመጠውን ዳቦ አንስታ የተገመጠውን በኩል ወደ መስኮቱ አዞረች። ወይኑን እስከ ግማሽ ሞላች። የተዋናዩን እጅጌ ሁለት ጊዜ ጠቀለለች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አየችው፤ አየችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ሲልቬር ክርኑን ጎኔ ውስጥ ከተተው፤ እሱም አይቷል።

ለምሳ ሲበተኑ ጠጋ አልኳት። «ማድሟዜል፣ ይኼ ሥራዎ ምን ይባላል?»

«የትዕይንት መዝጋቢ ነኝ። ኤድሜ ቶስካን እባላለሁ።» ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። «የነገሮችን ሁሉ ቦታ ማስታወስ ነው ሥራዬ። ስናቆም ግማሽ የነበረ ብርጭቆ ስንጀምር ሙሉ ከሆነ ተመልካች ይስቅብናል።»

«ረስተው አያውቁም?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እኔ ብረሳም እጄ አይረሳም፤ ሳላዘው ይሄዳል።»

ይኼን ስትል እጇን አየች። ቀጥላ እኔን አየች። ፊቷ እንደ አመድ ሆነ። መንገዱ ላይ ባፕቲስተንን ስትዘርፍ እጇ ያደረገውን ገና ያን ጊዜ ነው ያስታወሰችው፤ ምን እንዳደረገች ራሷም አላወቀችም ነበር።

አልያዝኳትም። ደግሞ እንዳልሳሳት ፈራሁ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በዚያ ሳምንት አንዴ አፍስሻለሁ። የማክሰኞውን ዘገባዋን አስመጣሁ። ሁለት ገጽ እንደ መጽሐፍ የተስተካከለ ነው። ሦስተኛው ገጽ ግን አንዱ ፊደል ወረቀቱን ሊበሳ ደርሷል፣ ሌላው ከነጭራሹ አይታይም። ጭምብል ሠሪውን ጠራሁትና የጽሕፈት መኪናው ፊት አስቀመጥኩት።

«ሞሲዬ ጋሊ፣ እስቲ ስምዎን ይጻፉልኝ።»

ሽማግሌው በሁለት ጣት፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ፣ ቋ... ቋ... አደረገ። ሦስተኛው ፊደል ላይ ቆመ።

«ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «እኔ አርጅቻለሁ። ማሰር ከፈለጉ እኔን ይሰሩኝ።»

«ማንንም አልፈለግኩም፤ ቆርቆሮዋን ነው የምፈልገው» አልኩት።

ኤድሜ የምትኖረው አሮጌው ከተማ፣ የታጠበ ልብስ ከመስኮት መስኮት በሚሰጣበት ጠባብ መንገድ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ራሷ በሩን ከፈተችልን። አልተከራከረችም፣ አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በልክ የተቀመጠ ነው፤ ሲልቬር ያን ግዙፍ አካሉን ይዞ ሲዞር አንድ ነገር ይሰብራል ብዬ ተሳቀቅኩ።

ቁምሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎች መካከል አገኛት። ክብ ቆርቆሮ፣ ዙሪያዋን በጥቁር ፕላስተር የታሸገች።

«ይኸው!» አለ ሲልቬር ደስ ብሎት። ፖሊስ የተዘጋ ነገር ሲያገኝ ከፍቶ ያያል፤ እኛ የተማርነው ይኼንን ነው። የፕላስተሩን ጫፍ በጥፍሩ ይዞ ጠርርር አድርጎ ሳበው።

ሴትዮዋ ከወንበሯ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ ጥላ በሙሉ ክብደቷ ተደፋችበት።

«አይክፈቱት!» ብላ ጮኸች። «ስለ ማርያም አይክፈቱት! ሰው አለበት ውስጡ!»

ሲልቬር ቆርቆሮዋን እንደ ቦምብ ይዞ ደርቆ ቀረ። ፕላስተሩ ግማሽ ዙር ተልጦ ነበር።

«አልታጠበም» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ብርሃን ካየ ተቃጠለ፤ ምንም አይቀርም። ቦቴሮ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።»

ፕላስተሩን ራሷ መልሳ አሸገችው። ከዚያ ነገረችን። ሁለተኛዋ ካሜራ ትንሽ ናት፤ እርከኑ ላይ ለብቻዋ ተተክላ ነበር። የምታየውን ስፋት በወረቀት የጻፈችው ኤድሜ ራሷ ናት። በግራ ጠርዝ በኩል ቦቴሮ ይገባል።

«ስልሳ ሰው ያላየውን ያቺ ካሜራ አይታለች» አለችኝ። «ክሌርጌም ይኼን አወቀ። ትናንት ለፓሪስ ስልክ ሲደውል በሩ ክፍት ነበር። ‹ሰማንያ አራት ሲደርስ ቆርቆሮው ተከፍቶ ብርሃን ገባበት በሉ› አለ። ምሳ ሳይደርስ ትዕይንቱን ለመጨረስ ነው የተጣደፈው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የወደቀው ግን የጋስፓር አካልና የቦቴሮ ስም ነው።»

«ለምን ወደ ፖሊስ አልመጡም ታዲያ?» አልኳት። ቁጣ ቁጣ ብሎኝ ነበር። «ጭምብል አጥልቆ መንገድ ከመዝረፍ ይኼ አይቀልም?»

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ‹ጉዳዩ አልቋል፤ ሰውየው አምኗል› ተባልኩ።»

«ማነው እንዲህ ያለዎት?» አልኩና ወደ ሲልቬር ዞርኩ፤ ሲልቬር ግን የሚያየው እኔን ነበር።

«እርስዎ ነዎት» አለችኝ፣ ሳትወቅሰኝ፣ አንድ ትዕይንት እንደምትዘግብ ሆና። «ሶካ፣ ያንን የሽምብራ ቂጣ፣ እየበሉ ነበር። ፍርፋሪው ጢምዎ ላይ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።»

እውነቷን ነው። የመጣች ሴት እንደነበረች ትዝ አለኝ፤ ፊቷ ግን ትዝ አላለኝም። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ጭምብሉን የወሰድኩት ለዚህ ነው» ብላ ጨመረች። «ኤድሜ ቶስካንን ማንም አይፈራም። ቮራክስን ግን ሁሉም ይፈራል። ሽጉጡ እንጨት ነው።»

ሲልቬር ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ሕጉ የተሰረቀ ንብረት ለባለቤቱ ይመለስ ይላል። ባለቤቱ የፊልሙ ሥራ አስኪያጅ ነው።»

«ሕጉን አውቀዋለሁ። የተሰረቀው ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ ግን ምኑን ነው የምመልሰው? አውሮፕላኑ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?»

ከመሄዴ በፊት አንድ የቀረኝ ሥርዓት ነበር። ባፕቲስተንን አስጠርቼ ኤድሜን አሳየሁት። «እያት በደንብ። የዘረፈህ ሰው ይቺ ልትሆን ትችላለች?»

ባፕቲስተን ከእግር እስከ ራሷ አያት። እሷም አየችው፤ አሁንም እጅጌው ተፈትቶ ነበር፤ እጇ ወደ እጅጌው እንዳይሄድ ስትታገል ታዘብኩ።

«ኢንስፔክተር» አለኝ፣ «ይቺ ደረቴ ጋ አትደርስም! ይቺ ዘረፈችኝ ብዬ ሰፈር ገብቼ ካርታ የሚያጫውተኝ አገኛለሁ? ሁለት ሜትር ነበር ብያለሁ፤ ሁለት ሜትር ነው!»

እንዳለው ጻፍኩ። ወንጀለኛው አልታወቀም፤ ቁመት ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። መዝገቡ ዛሬም ድረስ እንዲህ ነው የሚለው፤ ቮራክስም እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ወደ ፓሪስ በረርኩ፤ አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነበር። ቆርቆሮዋን ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ አቀፍኳት። አስተናጋጇ ከላይ ላስቀምጥልዎ ብትለኝ «ሰው ነው» አልኳት፤ ዳግመኛ አልተጠጋችኝም። ፊልሙን የሚያጥቡበት ክፍል በር ላይ ተቀምጬ አደርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ሁለቱንም እዚያች ወንበር ላይ ጠበቅኳቸው።

ጠዋት ትንሿ አዳራሽ ውስጥ እኔና አንድ ሲጋራ የሚያጨስ ሠራተኛ ብቻ ሆነን አየነው። ድምፅ የለውም። ሰገነቱ ይታያል፤ ጋስፓር በአመድ ፊቱ ቆሟል። በግራ ጠርዝ፣ መሬቱ ላይ፣ ቦቴሮ ተንበርክኳል። ገመዱን ወደ ብረት ቀለበቱ እየሳበ ነው፤ ገና አላሰረም። ነጩ መሐረብ ከኋላ ኪሱ ብቅ ብሎ ይታያል። አልተነሳም። ጋስፓር ግን ዘለለ።

ይኼ ለእኔ በቂ ነበር። ለመነሳት ኮፍያዬን አነሳሁ።

«ቆይ» አለኝ ሠራተኛው፤ «ሰውየውን እየው።»

ጋስፓር ገመዱ ላይ ሲከብድ ያልታሰረው ጫፍ ወደ ላይ ተፈተለከ። ቦቴሮ አልለቀቀውም። በባዶ እጁ ያዘው። ገመዱ ከጉልበቱ አነሳው፤ በሆዱ ጎተተው፤ ንጣፉ ላይ ስድስት፣ ሰባት ሜትር ወሰደው። ገመዱ በመዳፎቹ መሐል እያለፈ ነበር፤ እሱ ግን እስከ ግድግዳው ድረስ አልለቀቀም። ጋስፓር የወደቀው እየተያዘ፣ እየዘገየ ነው። ሐኪሞቹ ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው እንዴት በሕይወት እንዳለ ግራ ገብቷቸው ነበር። እኔ አየሁት። ፊልሙን ሦስት ጊዜ አስደገምኩ፤ በሦስተኛው ማየት አቃተኝ።

ለሲልቬር ስልክ ደወልኩ። «ክሌርጌን አምጣው። በሰው አካል ላይ ጉዳት በማድረስና በሐሰት ቃል። ጫማው እንዳይቆሽሽ ተጠንቀቅለት።»

ሐሙስ ለስምንት ሰዓት ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ማቆያው በር ላይ ደረስኩ። ቁልፉን ከጠባቂው ተቀብዬ ራሴ ከፈትኩ። ቦቴሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሯል። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ነበር የተቀመጠው፤ እኔ ብርድ መስሎኝ ነበር።

«ተነስ ቦቴሮ። ነፃ ነህ። እዚህ ጋ ፈርምልኝ።»

ወረቀቱን አየው። እስክሪብቶውን አየው። አልተንቀሳቀሰም።

«እጅህን አሳየኝ» አልኩት።

«ምንም አይደለም ጌታዬ።»

«አሳየኝ።»

አወጣቸው። ከጣቶቹ ሥር እስከ አንጓው ቆዳ የሚባል አልቀረም። በመሐረቡና በሸሚዙ ቅዳጅ ጠምጥሟቸዋል፤ ጨርቁ ደርቆ ከሥጋው ጋር ተጣብቋል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ?» አለኝ። «ሰው ከእጄ አምልጦኝ ወድቋል። እጄን አመመኝ ልበል?»

«አላመለጠህም። አይቼዋለሁ። አንተ ባትይዘው ኖሮ ጋስፓር ያኔውኑ ሞቶ ነበር።»

የገባው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ደግሜ ነገርኩት።

«ጋስፓር አለ?» አለኝ።

«አለ። ዛሬ ጠዋት ዓይኑን ገልጧል። እግሩ ገና ነው፤ ከእንግዲህም የሚዘል አይመስለኝም። ግን አለ፤ ሚስቱን በስሟ ጠርቷታል።»

ያን ጊዜ አለቀሰ። እንባውን የሚጠርግበት እጅ አልነበረውም፤ እንዲያው ፊቱ ላይ ወረደ። ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ ትከሻው ላይ አደረግኩለት። እጆቹን በየእጅጌው ቀስ አድርጌ አስገባሁ፤ እያመመው ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩለት።